የጆሮ ሥራ ነው፦ ስለ ቴክኖሎጂ ገበያ ተንታኞች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ማታ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ከኮሌጅ ከወጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አንድ የቴክኖሎጂ ገበያ ጥናት ድርጅት በረዳት ተመራማሪነት ሊቀጥራት ፈልጎ ደብዳቤ ልኮላታል። መልስ የምትሰጥበት ቀን ቀርቧል። «ጋሼ፣ የላክሁልህን አነበብከው? እውነት እንደዚህ ነው እንዴ?» አለችኝ። ድምፅዋ ቀዝቅዟል።

የላከችልኝ በአማርኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው በሶፍትዌር ሻጭ ኩባንያዎች የማርኬቲንግ ክፍል ለዓመታት እንደሠሩ ይናገራሉ። ወጣቶች ወደዚህ ሙያ ዝር እንዳይሉ ይመክራሉ። ምክንያቶቻቸው ስድስት ናቸው። ተንታኞች የሻጮችን ብሮሹር ነው የሚገለብጡት። ለሻጮች የሚሰጡት ደረጃ በገንዘብ ይሸጣል። ትንበያቸው አይያዝም። ሰው «ሲኒየር አናሊስት» (ከፍተኛ ተንታኝ) ከተባለ በኋላ መሄጃ የለውም። ያለውንም ሥራ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይበላዋል። በዚያ ላይ ለሐበሻ የሚሆን ሙያ አይደለም፤ በእኛ እንግሊዝኛ ማን ይሰማናል?

እኔ በዚህ ሥራ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ 16 ዓመት አልፎኛል። በረዳትነት ገብቼ ሲኒየር አናሊስት ሆኛለሁ፤ ዛሬ ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ብያለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጸሐፊው ካነሷቸው ነገሮች የማምንላቸው አሉ፤ እነሱንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ሁለት መስመር ልበል። አንድ ባንክ ወይም ሆስፒታል ሶፍትዌር ልግዛ ሲል ሻጩ ሁሉ «የኔ ይሻላል» ይለዋል። ከሻጮቹ ውጭ ቆሞ ገበያውን የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል። በዚህ ሥራ ከታወቁት ድርጅቶች ውስጥ አይዲሲን በ1964 ፓትሪክ ማክጎቨርን፣ ጋርትነርን በ1979 ጊዲዮን ጋርትነር፣ ፎሬስተርን በ1983 ጆርጅ ኮሎኒ መሠረቱ። ደንበኛው ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል። ከፍሎ ጽሑፎቹን ያነባል፤ ተንታኙንም በስልክ ያማክራል። የስልኩን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

ከመጀመሪያው ክስ ልጀምር፤ በጣም የቆጨኝም እሱ ነው። ጸሐፊው የሚያዩት ሪፖርቱን ብቻ ነው። ሪፖርቱ ላይ የሻጮች ስም፣ የምርት ዝርዝር፣ ቁጥር አለ። ብሮሹር ቢመስላቸው አልፈርድባቸውም። ማርኬቲንግ ክፍል ተቀምጦ ሪፖርት የሚጠብቅ ሰው ከጀርባው ያለውን የሚያይበት ዕድል የለውም።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ኦሃዮ ውስጥ ካለ አንድ የሆስፒታሎች ድርጅት የግዢ ኃላፊው ደወለ። ጥሪው እንደተለመደው 30 ደቂቃ ነው። ዓርብ የሚፈርሙት የአምስት ዓመት ውል አላቸው። ሻጩ ከዋጋው ወደ ግማሽ ቀንሶላቸዋል። ሰውየው ደስ ብሎታል። የደወለው እንኳ አለቃው «አናሊስቱን ሳትጠይቅ እንዳትፈርም» ስላለው ነው። እኔ ቅናሹን ተውኩትና አንድ ነገር ጠየቅሁት። ውሉ ሲታደስ ዋጋው እስከ ስንት በመቶ ሊጨምር ይችላል? ዝም አለ። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል። ገለበጠ፣ ገለበጠ። በመጨረሻ «ጣሪያ አልተጻፈበትም» አለኝ።

በዚያ ዓመት ስለዚያው ሻጭ ብዙ ደንበኛ አናግሬ ነበር። ውላቸው የታደሰባቸው ሦስቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ወድቀዋል። መጀመሪያ የተቀነሰላቸው ሁሉ በእድሳቱ ጊዜ ተመልሶ መጥቶባቸዋል። «ዓርብ አትፈርሙ» አልኩት። «የሻጩ ሩብ ዓመት የሚዘጋው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ያን ጊዜ እነሱ ናቸው የሚቸኩሉት። ጣሪያውን አስገቡ በሏቸው።» ከአሥር ቀን በኋላ ኢሜይል ላከልኝ። ጣሪያው ገብቷል።

ይህን ምክር ሻጭ በብሮሹር አይጽፈውም። እኔም ከየትም አላነበብኩትም። ቀድመው የተጎዱ ሰዎች በስልክ የነገሩኝ ነው። ከ400 በላይ ጥሪ የያዝኩበት ዓመት አለ። የማንንም ስም ለማንም አልናገርም። የሰማሁት ሲጠራቀም ግን ገበያውን የቱ ጋ እንደሚያመው ይነግረኛል። አንድን ተንታኝ ሲኒየር የሚያሰኘው ይህ ክምችት ነው።

ደግሞም ሻጭ ያላሰበውን ተንታኝ ቀድሞ የተናገረበት ጊዜ ሞልቷል። ጆን ኪንደርቫግ ፎሬስተር ውስጥ ተንታኝ ነበር። በ2010 «ዜሮ ትረስት» የሚለውን ሐሳብ አወጣ። ያን ጊዜ የኮምፒውተር ደኅንነት ማለት በአብዛኛው አጥር ማጠር ነበር። ከአጥሩ ውጭ ያለው ይጠረጠራል፤ ከገባ በኋላ ይታመናል። ኪንደርቫግ ቀዳዳው ይኸው እምነት ራሱ ነው አለ። ውስጥም ይሁን ውጭ፣ ማንም ሳይጣራ አይታመን አለ። ዓመታት አለፉ። በ2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ባወጡት የሳይበር ደኅንነት ትእዛዝ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ወደ ዜሮ ትረስት እንዲሸጋገሩ ታዘዙ። መነሻው የአንድ ተንታኝ ጽሑፍ ነበር።

ዳግ ሌኒም አለ። በ2001 ሜታ ግሩፕ የሚባል የጥናት ድርጅት ውስጥ ሳለ አጭር ማስታወሻ ጻፈ። ከመረጃው ብዛት ሌላ ፍጥነቱና ዓይነቱም አብረው እያስቸገሩ ነው አለ። «ቢግ ዳታ» የሚለው ቃል ገና በየሰው አፍ ሳይገባ ነው። በእንግሊዝኛ ሦስቱም በ«ቪ» ስለሚጀምሩ ዛሬ ተማሪው ሁሉ «ሦስቱ ቪዎች» እያለ ይሸመድዳቸዋል። የእህቴ ልጅም ለፈተና ሸምድዳቸዋለች። ከማን እንደመጡ የነገርኳት ግን እኔ ነኝ። አንተን ቹቫኪን ደግሞ በ2013 ጋርትነር ሆኖ በየኮምፒውተሩ ላይ ጥቃትን ፈልጎ ለሚይዘው፣ ዛሬ ኢዲአር ለሚባለው የደኅንነት ምርት ዘርፍ ስም አወጣለት። አሁን በየኤግዚቢሽኑ ያ ስም የሌለበት ዳስ ማግኘት ይቸግራል። እዚህ ላይ ብሮሹሩ ነው ከተንታኙ የቀዳው።

ሁለተኛው ክስ ከባድ ነው። ደረጃ ይሸጣል ይላሉ።

ጋርትነር ማጂክ ኳድራንት የሚባል ሥዕል አለው። አራት ሳጥን ነው። በአንዱ መስመር የሻጩ ራእይ፣ በሌላው የመፈጸም አቅሙ ይለካል። ከላይ በቀኝ በኩል ያለው ሳጥን የመሪዎቹ ነው። እዚያ ለመግባት ሻጮች ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚያጡ ጸሐፊው ራሳቸው ኖረውበታል። ክሱም ፍርድ ቤት ደርሷል። ዜድኤል ቴክኖሎጂስ የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ2009 ጋርትነርን ከሰሰ። ኔትስካውት ደግሞ በ2014 ኮነቲከት ውስጥ ከሰሰ። ጸሐፊው ሁለቱንም ይጠቅሳሉ፤ መጨረሻቸውን ግን አይነግሩንም። የመጀመሪያው ውድቅ ሆነ። ሁለተኛው እስከ ኮነቲከት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2020 ለጋርትነር ተፈረደ።

እዚህ ላይ ለራሴ ወገን አላዳላም። ፍርድ ቤቶቹ ሙያችንን ከደሙ ንጹሕ ነው አላሉትም። ደረጃው አስተያየት ነው፣ አስተያየት መስጠት ደግሞ በሕግ የተጠበቀ ነው አሉ። ስለዚህ ፍርዱ ለእሳቸውም ለእኔም ጉዳዩን አይዘጋውም። ለእኔ የሚቀርበው ማስረጃ በራሴ ላይ የደረሰው ነው።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት አንድ ትልቅ ሻጭ ደንበኛችን ነበር። በማወዳደሪያ ሪፖርቴ ላይ ካለፈው ጊዜ ዝቅ አለ። ረቂቁ ከመውጣቱ በፊት የመረጃ ስሕተት ካለ እንዲያርሙ ለሻጮቹ ሁሉ ይላካል። በተላከ ማግስት የራሳችን የሽያጭ ሰው ደወለልኝ። «ውላቸው ሊታደስ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ከዚያ አለቃዬ ጠራኝ። «ሁለት ቃል ብታለሳልስ ምን ትጎዳለህ?» አለ። ሁለቱ ቃላት ደንበኞች ስለ ድጋፍ አገልግሎታቸው የነገሩኝን የሚገልጹት ነበሩ። አልነካኋቸውም። ሪፖርቱ ሦስት ሳምንት ታግቶ ቆየ። በመጨረሻ እንደነበረ ወጣ። በዚያ ዓመት እድገት አላገኘሁም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ድርጅት ወሰደኝ። ለቃለ መጠይቅ ስገባ ያ ሪፖርት ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አንዷ ጠያቂ እነዚያን ሁለት ቃላት በቢጫ ቀለም አስምራባቸዋለች። «ይሄን ስትጽፍ ማን ደወለልህ?» አለችኝ። ሁሉም ሰው ግፊቱን ያውቀዋል። ሁሉም ሰው ደግሞ ማን እንደተቋቋመው ያያል። ደረጃው እንደ ሸቀጥ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ሥራ ፈልጎ ሲመጣ ያንን ሪፖርት የሚያወጣለት አይኖርም ነበር።

ገንዘብ የሚገባበት በር ግን አለ፤ ጸሐፊው አላዩትም። ምርቱን ለተንታኝ ለማስረዳት ክፍያ የለም። ደንበኛ ያልሆነ ሻጭም ብሪፊንግ ጠይቆ ይመጣል። ብሪፊንግ ላይ ግን የሚያወራው ሻጩ ነው፤ ተንታኙ ይሰማል። ተንታኙን መልሶ የመጠየቅ መብት ያለው ከፋዩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲጠይቅ የከረመ ሻጭ ተንታኙ ምን እንደሚመዝን ያውቃል። አቀራረቡን በዚያው ልክ ያሰናዳል። ትንሹ ጀማሪ ኩባንያ ይህን ዕድል አያገኝም። ጉቦ ልለው አልችልም። ፍትሐዊ ነው ብዬም አልከራከርለትም። ጋርትነር ተንታኞቹ የሚሸፍኑትን ኩባንያ አክሲዮን እንዳይዙ ይከለክላል፤ የቅሬታ ሰሚ ቢሮም አለው። ጥሩ ነው። ግን ሁለቱም ይህን በር አይዘጉትም። ጄምስ ገቨርነርና ስቲቨን ኦግሬዲ በ2002 ያቋቋሙት ሬድመንክ የተባለ የጥናት ድርጅት ጽሑፉን ለሁሉም በነጻ ያወጣል፤ ጀማሪውም ትልቁም እኩል ያነበዋል። እኔ በዚህ መንገድ የሚሄዱ ቢበዙ ደስ ይለኛል።

ወደ ትንበያው ልሂድ። ጸሐፊው ያመጡት ምሳሌ ልክ ነው። በ2011 መጀመሪያ ኖኪያ ከማይክሮሶፍት ጋር ተጣመረ። ወር ቆይቶ አይዲሲ የማይክሮሶፍቱ የስልክ ሥርዓት ዊንዶውስ ፎን በ2015 ከስማርትፎን ገበያው ከ20 በመቶ በላይ ይዞ ሁለተኛ ይሆናል አለ። ጋርትነርም ለ20 በመቶ የተጠጋ ቁጥር ሰጠ። 2015 ደረሰ፤ 3 በመቶ እንኳ አልሞላም። ይህ የሙያው ትልቅ ቁስል ነው። ማንም ሊያድበሰብሰው አይገባም።

ከዚያ ተነስተው ሙያው ከንቱ ነው ማለታቸው ላይ ነው የምንለያየው። ያሳሳታቸው አንድ ታሳቢ ነበር። ኖኪያ ያን ጊዜ ከዓለም ብዙ ስልክ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር። ገዢዎቹን ይዞ ወደ አዲሱ ስልክ ይሻገራል ተብሎ ታሰበ። ገዢዎቹ አልተሻገሩም፤ አፕ ሠሪዎችም ፊታቸውን አዞሩ። ታሳቢውን ያነበበ ደንበኛ በ2012 ነገሩ እንዳልሆነ ማየት ይችል ነበር። ቁጥሩን ብቻ ቆርጦ ስላይድ ላይ የለጠፈው ነው አብሮ የወደቀው። እኔ ለጀማሪዎቼ የምላቸው ይሄንኑ ነው። ትንበያ ስትጽፉ «ይህ የሚሆነው እንዲህ ከሆነ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከቁጥሩ በላይ ትጻፍ። ከታች ከተጻፈች የሚያነባት የለም።

ከትንበያ ሌላ ቆጠራ የሚባል ሥራ አለ፤ ጸሐፊው ዘለውታል። ባለፈው ሩብ ዓመት ስንት ፒሲ ለገበያ ወጣ? ቀላል ይመስላል። ጋርትነር ለረጅም ጊዜ ክሮምቡክን (በጉግል ሥርዓት የሚሠራውን ላፕቶፕ) ከፒሲ ቁጥሩ ውጭ ያደርግ ነበር። አይዲሲ ይቆጥረዋል። ስለዚህ አንዱ ገበያው አደገ ሲል ሌላው ቀነሰ ሊል ይችላል። ማንም አልዋሸም። ፒሲ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሳቸው ስለሚለያይ ነው። ይህን ልዩነት ለደንበኛ በሁለት ደቂቃ የሚያስረዳ ሰው ማለት ነው ሲኒየር አናሊስት።

አራተኛውን ክስ በአጭሩ ልለፈው። ከሲኒየር በላይ መሄጃ የለም የሚሉት የደረጃውን መሰላል ስላላዩት ይመስለኛል። ፎሬስተር ውስጥ ከሲኒየር በላይ ፕሪንሲፓል አናሊስት አለ፤ ከዚያ በላይ ቫይስ ፕሬዚዳንት አለ። አይዲሲ ሪሰርች ማናጀር፣ ሪሰርች ዳይሬክተር፣ ፕሮግራም ቫይስ ፕሬዚዳንት እያለ ይወጣል። ጋርትነር ውስጥ ዳይሬክተር አናሊስት ይባልና ዲስቲንግዊሽድ ቫይስ ፕሬዚዳንት ድረስ ይኬዳል። ብዙዎቹ ላይ ለመውጣት ሰው ማስተዳደር ግዴታ አይደለም። እየጻፉ፣ እየተማከሩ ማደግ ይቻላል። ጃኪ ፌን በ1995 ሃይፕ ሳይክል የተባለውን፣ ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ ያለው ጉጉት ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየውን ኩርባ ያወጣችው ጋርትነር ውስጥ ተንታኝ ሆና ነው። መውጫም አለ። ኪንደርቫግ በ2017 ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ ወደሚባል የደኅንነት ኩባንያ ሄደ። ቹቫኪን ጉግል ገባ። ሬይ ዋንግ የሚባል ተንታኝ በ2010 ኮንስተሌሽን ሪሰርች የተባለ የራሱን የጥናት ድርጅት አቋቋመ። ጊዲዮን ጋርትነር ራሱ ስሙን የያዘውን ድርጅት ትቶ ጊጋ የሚባል ሌላ መሠረተ፤ ጊጋን በ2003 ፎሬስተር ገዛው።

ኤአይ ላይ ጸሐፊው ከተናገሩት ግማሹን እቀበላለሁ። ፎሬስተር በ2022 ወደ 538 ሚሊዮን ዶላር ያስገባ ነበር፤ በ2024 ወደ 432 ሚሊዮን ወርዷል። ሠራተኛም ቀንሷል። የጋርትነር አክሲዮን በኦገስት 2025 በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ወደቀ። በእነዚህ ዓመታት የሥራ ባልደረቦቼ ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። ቀላል ነገር አይደለም። የገበያ መግቢያ የሚሆን ጽሑፍ፣ የምርት ዝርዝር፣ የዜና ማጠቃለያ፤ ይህን ኤአይ በደቂቃ ይሠራዋል። በዚህ ብቻ ይኖር የነበረ ተንታኝ ሊሰጋ ይገባዋል።

ኦሃዮ ያለው ሰውዬ የነገረኝን ግን ኤአይ ከየት ያገኘዋል? የትም አልተጻፈም። ውሉ ምስጢር ነው። ሰው ለሚያምነው ሰው ብቻ በድምፁ የሚናገረው ነገር ነው። ኤአይ በመጣ ቁጥር ጥሪዎቼ አልቀነሱም፤ ዓይነታቸው ነው የተለወጠው። ድሮ «ስለዚህ ምርት ንገረኝ» ይሉኝ ነበር። አሁን የኤአይ መልስ ከፊታቸው ዘርግተው «ከዚህ ውስጥ የቱ ነው ውሸት?» ይሉኛል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ረዳቶቹ የሚለማመዱበት ያ ቀላሉ ጽሑፍ ነበር። እኔም በእሱ ነው የተማርኩት። እሱ ከጠፋ ጀማሪው ጥርሱን በምን ይነቅላል? ጸሐፊው ይህን አንስተው ቢሆን ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር።

የመጨረሻው ክስ ልቤን ነክቶታል። ለሐበሻ አይሆንም የሚለው።

መጀመሪያ ለብቻዬ የያዝኩት ጥሪ ላይ ደንበኛው አሥር ደቂቃ ካዳመጠኝ በኋላ «ሌላ ሰው የለም?» አለ። ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ ወጥቼ ብዙ ቆየሁ። አነጋገሬን ለመደበቅ በንግግሬ እሮጥ ነበር። ስሮጥ ደግሞ ይባስ አልሰማ አልኩ። በማግስቱ ቢጫ ወረቀት ላይ በትልቁ «ቀስ» ብዬ ጻፍኩና ስክሪኔ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩት። ወረቀቷ ስትላቀቅ እየቀየርኩ እስከ ዛሬ አለች። ቀስ ስል ሰዎቹ የበለጠ ማውራት ጀመሩ። ዝም ስል ዝምታውን እነሱ ይሞሉታል። የሚጠቅመኝ ነገር የሚወጣው ደግሞ ያኔ ነው። በቤታችን ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ አይገባም ተብለን ነው ያደግነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ድክመት ይታያል ብዬ የፈራሁት ጠባይ እንጀራ ሆነኝ።

የሙያው አባት የሚባለው ጊዲዮን ጋርትነር ቴል አቪቭ ነው የተወለደው። ሆረስ ዴዲዩ የሮማንያ ተወላጅ ነው፤ ኖኪያ ሠርቶ ወጥቶ በ2010 አሲምኮ ብሎ ለብቻው መጻፍ ጀመረ። ስለ አፕል የጻፈውን የዓለም ሰው አነበበለት። አነጋገራቸውን ማንም አልጠየቃቸውም።

ሌላ ነገርም አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሄጄ መርካቶ አንድ ሞባይል ቤት ተቀምጬ ነበር። ልጁ አዲስ ስልክ ከካርቶን አወጣ። የቻርጀሩ መሰኪያ ባለ ሦስት እግር ነው። እኛ አገር ግድግዳ ላይ ያለው ለሁለት እግር ነው። ልጁ ምንም ሳይል ከመሳቢያ አስማሚ አውጥቶ ሰካበት። መሳቢያው በአስማሚ ሞልቷል። ያ ስልክ በዱባይ በኩል ነው የመጣው። ለቆጠራ ደግሞ የሚያዘው አምራቹ ወደላከበት አገር ነው። ስለዚህ ዱባይ ላይ ተቆጥሮ ኢትዮጵያ ላይ ሊጎድል ይችላል። አይዲሲ ናይሮቢ ውስጥ ቢሮ አለው። ስልክ አምራቹ ቴክኖ አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም የጀመረው በ2011 ነው። ሳፋሪኮም ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ በ2021 ለፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገብቷል። ይህን ገበያ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ያችን መሳቢያ ማየት የሚችለው ማን እንደሆነ ጸሐፊው ያስቡበት።

ጸሐፊው ሊነግሩን ይገባቸው የነበረ፣ ያልነገሩን ችግርም አለ። የረዳት ደመወዝ ለቦስተንም ለዋሽንግተንም የቤት ኪራይ አይመጥንም። በዓመት ይህን ያህል ጽሑፍ አውጣ የሚል ኮታ አለ፤ የምትናገረው ነገር ሳይኖርህም ትጽፋለህ። የሽያጭ ሰዎች ለአዲስ ደንበኛ ሊያሳዩህ ስብሰባ ላይ ይጎትቱሃል። ጉዞው ቤተሰብ ይጎዳል፤ ልጄ ሁለት የልደት ቀኗን ያለ እኔ አክብራለች። እንደ ጋርትነር ያሉት ደግሞ ለተንታኝነት በአብዛኛው የሚፈልጉት በዘርፉ ዓመታት የሠራ ሰው ነው። ከኮሌጅ የወጣ ልጅ በረዳትነት ወይም በትናንሾቹ ድርጅቶች በኩል ነው የሚገባው።

ለእህቴ ልጅ ግቢም አትግቢም አላልኳትም። አራት ጥያቄ ጽፋ እንድትልክላቸው ነገርኳት። የሚያሠለጥነኝ ሲኒየር ማን ነው? በመጀመሪያው ስድስት ወር ስንት የደንበኛ ጥሪ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ? ቀላሉን ጽሑፍ ኤአይ ከሠራው እኔ በምን እለማመዳለሁ? በረቂቅ ላይ ሻጭ ሲያኮርፍ የመጨረሻውን ቃል የሚወስነው ማን ነው?

ሐሙስ ማታ መልሳ ደወለች። «ጋሼ፣ ሦስቱን በደንብ መለሱልኝ። አንዱን ግን ‹ጠይቀን እንነግርሻለን› አሉኝ።»

«የቱን?»

«የመጨረሻውን ቃል የሚወስነው ማነው የሚለውን።»

«በይ እሱን በጽሑፍ ሳይልኩልሽ እንዳትፈርሚ» አልኳት። እስከ ሰኞ ጊዜ ጨምረውላታል።